ለአንድ ሰው የሚጻፍ ማስታወቂያ፦ ኦንላይን ላይ የሚስማማንን ሰው ለማግኘት ምን ብለን እንጻፍ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት የፍቅር ጓደኛ ፍለጋ ማስታወቂያ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። እንዲህ ይላል፦ «ሐቀኛ፣ ቁም ነገረኛ፣ ተጫዋችና ሰው አክባሪ ነኝ። ሕይወትን በጣም እወዳለሁ። ለቁም ነገር የሚፈልገኝ ብቻ ያናግረኝ።»

ያኔ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ ኢንቦክሴ ሞላ። ሁሉም «ሃይ»፣ «ሰላም ቆንጆ»፣ «እንዴት ነሽ» ነው። ሁለት ቀን እናወራና ወሬው ይደርቃል። ወንዶቹን ስንት ጊዜ አማሁ! ጥፋቱ የራሴ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ምን ብለው ያናግሩኝ? ሕይወትን የማይወድ ማን አለ? «ሐቀኛ ነኝ» ላለ ሰው ምን ተብሎ ይመለስለታል፤ «እኔም»?

የትዳር ማስታወቂያ የዛሬ ነገር አይደለም። በ1695 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ስለ እርሻና ንግድ በሚያወራ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አንዲት አጭር ማስታወቂያ ወጥታ ነበር። ዕድሜው 30 ገደማ የሆነ፣ ጥሩ ንብረት አለኝ የሚል ሰው፣ 3,000 ፓውንድ ገደማ ሀብት ያላትን ወጣት ሴት ማግባት ይፈልጋል ትላለች። «አለኝ የሚል» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። አሳታሚው እጁን ታጥቧል። ሰውየው ገንዘብ ወዳድ ነው ብትሉ አልከራከርም። ግን ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚፈልግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሷል። እኔ በሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ሰርዣለሁ። የደረስኩበት ነገር አንድ ነው። ማስታወቂያ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው። ሺህ ሰው አንብቦት ዘጠኝ መቶ ዘጠናው «ይቺ ለእኔ አትሆንም» ብሎ ቢያልፍ እሰየው! የቀሩት አሥሩ ናቸው ጊዜያችሁ የሚገባቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

1. ስልኩን አስቀምጡና ወረቀት አንሡ

አፑ ውስጥ ገብታችሁ ባዶው ሳጥን ላይ መጻፍ አትጀምሩ። ሳጥኑ ያስቸኩላል። ስትቸኩሉ ደግሞ ሁሉም ሰው የጻፈውን ትጽፋላችሁ።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል የማትደራደሩበትን ጻፉ። በሌላው በኩል ቢኖር ደስ የሚላችሁን። የመጀመሪያው ከሦስት እንዳይበልጥ። እያንዳንዱን ስትጽፉ «ሌላው ሁሉ የሚመቸኝ ሰው ቢሆን፣ ይቺ ብቻ ብትጎድል ትቼው እሄዳለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ልጅ መፈለግ አለመፈለግ፣ ሃይማኖት፣ የት አገር መኖር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ትዳር መቼ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ፈተናውን ያልፋሉ። ቁመት ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ዝርዝሬን መጀመሪያ ስጽፍ ቁመት ሁለተኛ ላይ ነበረች። ከዚያ በፊት የወደድኳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ። አንዳቸውም አያሟሉም። ሰረዝኳት።

ከዚያ ከወረቀቱ ጀርባ ያለፈውን ሳምንታችሁን ጻፉ። ሰኞ ማታ የት ነበራችሁ? ቅዳሜ ጠዋት ምን ሠራችሁ? ሰው አብሯችሁ ሊኖር የሚመጣው እዚያ ሳምንት ውስጥ ነው። ለማስታወቂያው የሚሆን ነገርም ከዚያው ይገኛል።

2. የምትጽፉበትን ቦታ እወቁ

ትዳር ፈላጊ የሚበዛበት ቦታ አለ፣ ለጨዋታ የሚገባበትም አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት የሌሎችን ማስታወቂያ ግማሽ ሰዓት አንብቡ፤ ወዲያው ይለያል።

ስንት ፊደል እንደሚፈቀድላችሁም እዩ። ቲንደር የሚባለው የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አፕ ለመግለጫው የሚሰጠው 500 ነው። ሂንጅ የሚባለው ሌላው አፕ ሦስት ጥያቄ ያስመርጥና ለእያንዳንዱ መልስ 150 ይሰጣል። ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ዕድለኛ ነው። «ሰላም» በእኛ ፊደል ሦስት ናት፣ በላቲን አምስት። በዚያው ቦታ ላይ ብዙ መናገር እንችላለን።

3. ቅጽሉን አውጡና የሚታየውን አስገቡ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንዲት ጓደኛዬ ስልኳን ሰጠችኝና «እስቲ አንቺ ጻፊልኝ፣ እኔ አልቻልኩም» አለችኝ። እሷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦

«የተማርኩ፣ በራሴ የምተማመን፣ ቤተሰብ የምወድ ነርስ ነኝ። ጉዞና ሙዚቃ እወዳለሁ። የሚያከብረኝና የሚረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ውሸት የለበትም። ግን «ነርስ» የምትለዋን አውጥታችሁ ሌላ ሙያ ብትተኩ የማንም ሰው ማስታወቂያ ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ሙዚቃ እወዳለሁ ስትዪ?»

«እሰማለኋ።»

«መቼ?»

«ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲጋፋ እኔ በተቃራኒው ባዶ አውቶቡስ ላይ ማዳመጫዬን ሰክቼ ነው የምሄደው። ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን አልፌያለሁ።»

«ይኸው፣ ይሄን ነው የምንጽፈው።»

«ትቀልጃለሽ!»

አልቀለድኩም። «የሚረዳኝ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነም ጠየቅኳት። ይቺ ቃል ተንኮለኛ ናት። ሁሉም ሰው ይጠቀምባታል፣ ሁሉም በየራሱ ይተረጉማታል። ጓደኛዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ሌሊት ሥራ ላይ ስሆን የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ እያለ የማይጨቀጭቀኝ» አለች። ለካ የበፊቱ የተበላሸው በዚህ ነው። ሁለታችንም ጨዋታውን ትተን ቁም ነገር ማውራት የጀመርነው ያኔ ነው።

ስንጨርስ እንዲህ ሆነ፦

«ነርስ ነኝ፣ 33 ዓመቴ ነው። ከወሩ ግማሹን ሌሊት እሠራለሁ። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲጋፋ እኔ ባዶ አውቶቡስ ላይ ሙዚቃ እየሰማሁ ወደ ቤቴ ነኝ፤ እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬን ያለፍኩባቸው ቀናት አሉ። ልጅ የለኝም፣ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። የምፈልገው የእኔን ሰዓት የሚችል፣ እኔ ሥራ ላይ ስሆን ተረጋግቶ የሚተኛ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ትዳር የሚያስብ ሰው ነው። ቀን ላይ መተኛ ዘዴ ካለህ ንገረኝ፤ መጋረጃው አልበቃኝም።»

«በራሴ የምተማመን» የሚለው ወጥቷል። ግን አንብባችሁት ስታበቁ በራሷ የምትተማመን አትመስላችሁም? ቅጽሉን አንባቢው ራሱ ሲሰጣችሁ ያምነዋል። እናንተ ስትሉት ይጠራጠራል።

የራሳችሁን እንዲህ አድርጉ። የጻፋችሁትን ቅጽል አንድ በአንድ አስምሩበት። ከእያንዳንዱ ጎን «መቼ? የት? እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ። መልስ ያጣችሁለትን ቅጽል ሰርዙት። «ተጫዋች ነኝ» የሚል ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ይጻፍ። «አንባቢ ነኝ» የሚል አሁን አልጋው አጠገብ ስላለው መጽሐፍ ይንገረን፤ ከገጽ 40 ባያልፍም ግድ የለም፣ እንዲያውም እሱን ቢለው ይሻላል።

4. የመጀመሪያዋ መስመር

ብዙ አፖች ላይ ሰው ሳይጫን የሚያያት አንዲት ወይ ሁለት መስመር ናት። እሷን «ሰላም፣ ስለ ራሴ መጻፍ ይከብደኛል» በሚል አታባክኗት። መጻፍ ለሁሉም ይከብዳል። «እስቲ እንሞክረው» የሚለውም ያው ነው፤ ሳይፈልግ ተጎትቶ የመጣ ሰው ያስመስላል። ከጻፋችሁት ውስጥ እናንተን በጣም የምትመስለዋን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ተደብቃ ትገኛለች። ወደ ላይ አምጧት።

5. የምትፈልጉትን በ«አልፈልግም» አትጻፉ

«ውሸታም አይምጣ። ጊዜ የሚያባክን አይምጣ። የበፊቱን ያልረሳ አይምጣ።» እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ሳነብ የሚታየኝ ጸሐፊው ሳይሆን ጸሐፊውን ያስለቀሰው ሰው ነው። ውሸታም ሰው ደግሞ «ውሸታም አይምጣ» ስለተባለ አይቀርም። የሚቀረው ጨዋው ነው፤ «ይሄ ሰው ገና ቁስሉ አልደረቀም» ብሎ።

ያንኑ ገልብጣችሁ ጻፉት። «ጊዜ የሚያባክን አይምጣ» ማለት የፈለገ ሰው «ሁለት ሳምንት ካወራን በኋላ በአካል መገናኘት እመርጣለሁ» ይበል። ይሄኛው ሥራ ይሠራል። ዓመት ሙሉ ቻት ማድረግ የሚፈልገው ራሱ ያልፋችኋል።

ከማትደራደሩባቸው ሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ እዚህ ይግቡ። ልጅን በተመለከተ በተለይ አትሽኮርመሙ። ስድስት ወር ተዋድዶ በዚህ ከመለያየት በመጀመሪያው ቀን መተላለፍ ይሻላል። ዝርዝሩ ግን አይርዘም። ቁመት፣ የቆዳ ቀለም፣ ደመወዝ፣ ዲግሪ እየደረደራችሁ ከሄዳችሁ የቅጥር ማስታወቂያ ይሆናል።

6. ዕድሜና ቁመት ላይ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ

በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ተመራማሪዎቹ ኦንላይን ጓደኛ የሚፈልጉ 80 ሰዎች ጠሩ። ቁመታቸውን ለኩ፣ ክብደታቸውን መዘኑ፣ ዕድሜያቸውን ከመንጃ ፈቃዳቸው አዩ። ከዚያ ከፕሮፋይላቸው ጋር አስተያዩት። ከአሥሩ ስምንቱ ከሦስቱ ቢያንስ በአንዱ ዋሽተው ተገኙ። ወንዶቹ ቁመት ላይ ይጨምራሉ፣ ሴቶቹ ክብደት ላይ ይቀንሳሉ። አብዛኛው ውሸት ግን ትንንሽ ነው፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ እንዳያስታውቅ ተደርጎ የተቆረጠ።

እኔ የምለው፣ ለማያስታውቅ ነገር ምን አስዋሸን? ሁለት ሴንቲ ሜትር ስለጨመራችሁ የምታገኙት ሰው የለም። ሲታወቅ ግን ስለ ሁለት ሴንቲ ሜትሩ የሚያስብ አይኖርም። «ሌላስ ምን ዋሽቶኛል?» ነው የሚባለው።

ከዚህ የሚከብዱም አሉ። ፍቺ፣ ልጅ፣ ገና ያላለቀ ጋብቻ። ልጅ ያለው ሰው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይበለው፦ «የሰባት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።» ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር የለውም። የልጁ ስም፣ ፎቶ፣ ትምህርት ቤት ግን አይግባ። የፍቺው ምክንያትም ለማስታወቂያ አይሆንም፤ እሱ ሲተዋወቁ ነው። ጋብቻው ገና በሕግ ያላለቀለት ሰው ደግሞ እኔን ከጠየቀኝ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ እላለሁ።

7. ለአንባቢው መያዣ ተዉለት

ደህና ሰዎች «ሃይ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ባለጌ ሆነው አይደለም። የሚይዙት አጥተው ነው። የጓደኛዬ ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ያለችውን መጋረጃ አስታውሱ። ወደ ሰባት ሰው ስለ መጋረጃው ጻፈላት። አንዱ «እኔም የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። መጋረጃውን ተይውና መስኮቱ ላይ ጥቁር ካርቶን ለጥፊበት» አላት። እንዴት እንደሚለጠፍ ሲያስረዳት ሌሊቱ ነጋ።

መያዣው ለመመለስ ቀላል፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ብቻ የማያልቅ ይሁን። «ፍቅር ለአንተ ምንድን ነው?» ዓይነት ጥያቄ የፈተና ወረቀት ነው፤ ተዉት። «ቅዳሜ ጠዋት ነጻ ብትሆን የት ትገኛለህ?» ይበቃል።

8. ፎቶ

ሦስት ወይም አራት በቂ ነው። የመጀመሪያው ፊታችሁ በደንብ የሚታይበት፣ ብቻችሁን የሆናችሁበት፣ ያለ ጥቁር መነጽር፣ በቀን ብርሃን የተነሣ ይሁን። አንድ ሙሉ ቁመት። አንድ ደግሞ የጻፋችሁትን የሚመስል፤ አትክልት እተክላለሁ ያለ ሰው እጁ ጭቃ ነክቶት ይታይ። ሁሉም ካለፈው አንድ ዓመት ወዲህ የተነሡ ይሁኑ። ፊልተር አታብዙ። ከስድስት ጓደኛ ጋር የተነሣችሁትን የመጀመሪያ አታድርጉት፤ ሰው የሚገምተው ከመሃላችሁ ቆንጆውን ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ከጀርባችሁ ያለውን አጉልታችሁ እዩ። የመኪና ታርጋ፣ የሥራ ባጅ፣ የቤት ቁጥር፣ የልጅ ዩኒፎርም ይታያል? ቁረጡት። ሌላ ማኅበራዊ ገጽ ላይ የለጠፋችሁትን ፎቶም እዚህ አትድገሙ። በፎቶ መፈለጊያ አንድ ጊዜ ቢሞከር ሙሉ ስማችሁ ሊወጣ ይችላል።

9. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ከማውጣታችሁ በፊት አሳድሩት። በማግስቱ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ምላሳችሁ የሚያዝበት ቦታ ላይ የእናንተ ያልሆነ ቃል አለ ማለት ነው፤ ለሰው በቃል እንደምትነግሩት አድርጉት። የፊደል ግድፈትም እረሙ። አንድ ሁለት ቢቀር ሰው አይሞትም፣ ሦስት መስመር ውስጥ አምስት ሲሆን ግን ለነገሩ ግድ የሌላችሁ ያስመስላል።

ከዚያ ለሚያውቃችሁ ሰው አሳዩት። «ቆንጆ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ አዎ ነው የሚላችሁ። «ስሜ ባይኖርበት የእኔ መሆኑን ታውቂያለሽ?» በሏት። የእኔን የመጀመሪያውን ያሳየኋት እህቴ «የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል» ብላኛለች።

10. ከወጣ በኋላ

አድራሻ፣ የሥራ ቦታ ስም፣ ስልክ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ አይኑር። ሙያውን መጻፍ ይበቃል፤ «ነርስ ነኝ» እንጂ የትኛው ሆስፒታል እንደምትሠሩ አይነገርም።

ገንዘብ የሚጠይቅ ይመጣል። አይመጣም ብላችሁ አትዘናጉ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም ተጭበረበርን ብለው እንዳመለከቱት ገልጿል። ያጡት ገንዘብ በድምሩ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። አካሄዱ ይታወቃል። ሰውየው ቶሎ ይወዳችኋል። ከአፑ ወጥተን ሌላ ቦታ እናውራ ይላል። የቪዲዮ ጥሪ ሲባል ካሜራው ሁልጊዜ የተበላሸ ነው። ከዚያ ድንገት ይታመማል፣ ወይም ዕቃው ጉምሩክ ይያዝበታል፣ ወይም በክሪፕቶ አብረን እንክበር ይላል። ፎቶውን ወስዳችሁ በጎግል የፎቶ መፈለጊያ (ጎግል ሌንስ) ፈልጉት። በሌላ ስም ከወጣ ብሎክ አድርጉና ለአፑ ሪፖርት አድርጉ። ባይወጣም እንኳ፣ በአካል ላላገኛችሁት ሰው አንድ ሳንቲም አትላኩ። በአካል ስትገናኙ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቦታ፣ በቀን፣ የት እንደሄዳችሁ ለአንድ ሰው ነግራችሁ ይሁን።

ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቃችሁ ማንም ካልጻፈ ማስታወቂያውን ሙሉ በሙሉ አታፍርሱት። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ ዋናውን ፎቶ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያዋን መስመር። ሁሉንም በአንዴ ከቀየራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁትም። ብዙ ሰው እየጻፈ የማይሆኑ ሰዎች ከሆኑ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ ቁጥር 5 ተመለሱና ከማትደራደሩባቸው የቱን እንደሸሸጋችሁ እዩ።

ለጻፈላችሁ ሁሉ መመለስ ግዴታ አይደለም። ማስታወቂያውን አንብቦ መሆኑ ለሚያስታውቅ ሰው ግን «አመሰግናለሁ፣ የምንስማማ አይመስለኝም» ማለት ደግ ነው። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ሰው አግኝታችሁ ነገሩ መስመር ሲይዝ ማስታወቂያውን አንሡ። አፑን ከስልካችሁ ላይ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ አካውንቱ ካልተዘጋ ፕሮፋይላችሁ ለሌሎች መታየቱን ሊቀጥል ይችላል። ከዚያ የአዲሱ ወዳጃችሁ ጓደኛ ያየውና «ይሄ ያንቺው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱን ዝጉ፣ አፑን ከዚያ በኋላ አጥፉ።